ለሁሉም የሚሆን ስም

ከንቲባዋን መጀመሪያ ያገኘኋቸው ዶሮ ፋብሪካው በር ላይ ነው። ከቶሮንቶ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ በምትርቅ ትንሽ ከተማ ዶሮ እበልት ነበር፤ አገር ቤት ለሚጠይቁኝ ግን «ምግብ ኢንዱስትሪ ውስጥ ነኝ» ነበር የምለው። ጥቁር ሴት በማየቴ ደስ ብሎኝ፣ እኛን ሲያሰለቸን የኖረውን ጥያቄ ራሴ ጠየቅኳቸው።

«ከየት አገር ነዎት?»

«ከዚሁ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ከዚሁ። የአያቴ አያት የተቀበሩት ከፋብሪካችሁ ጀርባ ነው። አንተስ ከመጣህ ቆየህ?»

«ሁለተኛ ክረምቴ ነው።»

«እንግዲያው እንኳን ደህና መጣህ» ብለው ጨበጡኝ። የከተማዋ ከንቲባ፣ ያውም የመጀመሪያዋ ጥቁር ከንቲባ መሆናቸውን የነገረኝ አለቃዬ ነው፤ እሱም ሳቁን ከጨረሰ በኋላ።

የመጡት እኛን ለማየት ነበር። ከከተማው እስከ ፋብሪካው አውቶቡስ ስላልነበረ መኪና የሌለን ሰዎች በበረዶው የመንገዱን ጥግ ይዘን እንሄዳለን። ከንቲባዋ አውቶቡስ ይመደብ ሲሉ ምክር ቤቱ «ለጥቂት መጤ ሲባል?» እያለ ደጋግሞ ጣለባቸው። እሳቸውም ደጋግመው አቀረቡት። በመጨረሻ ያሸነፉት አሳምነው አይመስለኝም፤ አሰልችተው ነው።

አውቶቡሱ የጀመረ ዕለት ጎሕ ሳይቀድ ፌርማታው ላይ አብረውን ቆሙ። ካፖርታቸው ላይ የከንቲባነት ወርቃማ ሰንሰለታቸውን አጥልቀዋል።

«ለእኛ ብለው እንዲህ ባልደከሙ» አልኳቸው።

«ለእናንተ አይደለም፤ በመኪና የሚያልፉት እንዲያዩት ነው» አሉ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ።

ሥልጣናቸውን ሲለቁ የከተማው አዳራሽ በስማቸው ተጠራ። ሞቱ። እኔም አርጅቼ ወደ ቶሮንቶ ገባሁ፤ አሁን ሴንት ጄምስ ታውን ከፎቅ በላይ ፎቅ ላይ እኖራለሁ፤ ሊፍቱ ሲበላሽ ሃይማኖተኛ እሆናለሁ። ባለፈው ዓመት አብሮኝ ዶሮ ይበልት የነበረ ወዳጄ ከዚያው ደወለልኝ። አዳራሹ ሊታደስ ነው፤ ምክር ቤቱም ሲታደስ ስማቸውን አንስቶ «ለሁሉም የሚሆን ስም» ሊሰጠው አስቧል። ተቃውሞ ያለው ሰው ተመዝግቦ መናገር ይችላል። ተመዘገብኩ።

ልጄ ናት ድራይቭ ያደረገችው። «አባዬ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የሚሰጡህ። ስትሬት ወደ ፖይንቱ ግባ፣ ፕሊስ።»

«እኔ መቼ ዞሬ አውቃለሁ?»

ሬዲዮ ከፈተች።

ማይክሮፎኑ ፊት ቆምኩ። ሰው ደግሞ ዘሎ ወደ ጉዳዩ አይገባም። ሰብሳቢውን ከነቤተሰቡ ደህንነቱን ጠየቅኩ። የምክር ቤቱን አባላት በየተራ እጅ ነሳሁ። ይሄኔ ከኋላዬ ለተቀመጡት ሽማግሌዎች ጀርባዬን መስጠቴ ትዝ አለኝ፤ ዞሬ ይቅርታ ጠየቅኩ። ስዞር ጀርባዬ ወደ ሰብሳቢው ሆነ፤ ተመልሼ ለእሱም ይቅርታ አልኩ። ሁለቱንም ላለማስቀየም በጎን ብቆም ማይክሮፎኑ ጆሮዬ ስር ቀረ። የከንቲባዋን ስም ገና ሳልጠራ ቀይ መብራት በራ።

«ጊዜዎ አልቋል፤ እናመሰግናለን» አለ ሰብሳቢው።

«ገና መች ጀመርኩና?»

«ይቀመጡ እባክዎ። ከዚህ በላይ መናገር አይችሉም።»

«አልናገርም። ውሳኔውን ግን ቆሜ ነው የምሰማው።»

ይህን ሲሰማ ከሁሉም በላይ የደነገጠው ጉልበቴ ነው። አልተቀመጥኩም።

ቀጣዩ ተናጋሪ ሲጠራ ከመቀመጫዋ የተነሳችው ልጄ ሆነች። ሳትነግረኝ ተመዝግባ ኖሯል፤ አባቷን ታውቀዋለች። «በእኔ ሰዓት አባቴ በአማርኛ ይናገራል፣ እኔ እተረጉማለሁ» አለች።

«እንግሊዝኛ ሲናገሩ አሁን ሰምተናል እኮ።»

«እንግሊዝኛው ለሰላምታ ብቻ ነው የሚበቃው» አለች፣ ፊቷ ሳይለወጥ።

ሰብሳቢው ደንቡን ከምታውቀው ሴትዮ ጋር ተንሾካሾከ። የሚከለክል አንቀጽ አላገኙም።

እኔም ስለ በረዶው፣ ስለ ፌርማታው፣ ስለ ሰንሰለቱ ተናገርኩ። ከዚያ እንዲህ አልኩ፦ «ድልድያችሁ በአንድ ወፍጮ ቤት ጌታ ስም ይጠራል። መናፈሻችሁ በአንድ ዳኛ ስም ይጠራል። ለሁሉም ይሆናሉ ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። የእሳቸው ተራ ሲደርስ ነው ‹ሁሉም› የሚባል ሰው ትዝ ያላችሁ። እኔም እኮ ከሁሉም ውስጥ ነኝ። ማንም አልጠየቀኝም።»

ልጄ የእኔን ረጅም በአጭሩ እየቆረጠች ተረጎመች። መጨረሻው ላይ ግን «እኔ» ያልኩትን «እኛ» አደረገችው። አላረምኳትም።

በአንድ ድምፅ ብልጫ ተሸነፍን። ስሙ ከግድግዳው ወርዶ «የማኅበረሰብ አዳራሽ» የሚል ተለጠፈ።

እኔ የእድራችን ሰብሳቢ ነኝ፤ ወንበሩን ሌላ የሚፈልገው ስላልተገኘ። የዘንድሮው ጠቅላላ ጉባኤ እዚያ አዳራሽ እንዲሆን ወሰንኩ። ኢቶቢኮ የሚኖረው ጸሐፊያችን ደወለ።

«ጋሼ፣ ቶሮንቶ ሙሉ አዳራሽ ጠፍቶ ነው?»

«የእሳቸው ስም ያለው ጠፍቶ ነው።»

«እዚያም አንስተውታል እኮ።»

«ከግድግዳው ነው ያነሱት።»

«እንግዲያው መኪና ለሌላቸው የፍሌሚንግደን ፓርክ ሰዎች አውቶቡስ እንፈልጋለና» አለ።

ልጄ ለመከራየት ስትደውል አጠገቧ ነበርኩ። የትኛውን አዳራሽ እንደምትፈልግ ሲጠይቋት የከንቲባዋን ስም ጠራች። «የማኅበረሰብ አዳራሹን ማለትዎ ነው?» ስትባል ስሙን ደገመችው። ከዚያ ቀኑን ጠየቋት።

ኪራዩን ስንፈራረም ደንቡን አነበብኩ፤ ከደንብ ጋር ከተጣላሁ ወዲህ ማንበብ ወድጃለሁ። ተከራይ ለኪራዩ ቀን በሩ ላይ የፈለገውን ማስታወቂያ መስቀል ይችላል ይላል። ስማቸውን በአማርኛም በእንግሊዝኛም በትልቁ በጨርቅ አሳተምንና ሰቀልነው። ምግቡ አልቆ፣ ስብሰባው እንደተለመደው ሳይስማማ ተበትኖ፣ ጨርቁን ላወርድ መሰላል ስፈልግ ያ አብሮኝ ዶሮ ይበልት የነበረው ወዳጄ መጣ።

«ተወው፤ ነገ አዳራሹን የተከራየነው እኛ የፋብሪካው የድሮ ሠራተኞች ነን» አለኝ።

«ከነገ ወዲያስ?»

«የቤተ ክርስቲያኗ ሴቶች ይዘውታል። ያን ዕለት ማይክሮፎኑ ፊት ስትዞር አይተው ስቀውብህ ነበር፤ አሁን ስልክ ቁጥርህን ይፈልጋሉ።»

ጨርቁ እስካሁን ወደ ቶሮንቶ አልተመለሰም።