ወንዙ የጠፋበት ቅዳሜ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የአባቴን ስም ያወጣችው ግን ጉማሬ ናት። እናቱ ያወጣችለት ስም ከመታወቂያው ላይ አልወረደም። ለሰፈሩ ሁሉ «ዘጠኝ ቀን» ነበር። ልጆች ከኋላው፣ ትልልቆቹ ደግሞ ፊት ለፊቱ «ጋሼ ዘጠኝ ቀን» ይሉታል፤ እሱም ወይ ይላል። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ጆሮዬ ይግል ነበር።

ሥራው ወንዝ ማንበብ ነው። ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓትና ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ውሃው ውስጥ በቆመ ብረት ላይ የታሰረውን ባለቁጥር ነጭ ሰሌዳ ያያል፤ ውሃው የነካውን ቁጥር በእርሳስ መዝገቡ ላይ ይጽፋል፤ ቤት ተመልሶ ለውሃ ቢሮ ይደውላል። «ሁለት ሜትር ከአርባ» ይላል፣ ይዘጋል። ይኸው ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ይህንኑ ሠራ። ትምህርት ቤት ገና የገባሁ ጊዜ መምህራችን «አባትሽ ምን ይሠራል?» ብላኝ «ወንዝ ያነባል» ስላት «ታዲያ ምን ይላል ወንዙ?» አለችኝ። ቤት መጥቼ ጠየቅሁት። «በበጋ ብዙም አይናገር» አለኝ።

ዋና አይችልም። ሰዎች በዚህ ሲያሾፉበት «ፖስተኛ ደብዳቤው ውስጥ ይገባል እንዴ?» ይላል። ጉማሬ ደግሞ ነፍሱ እስኪወጣ ይፈራል፤ በዚህ ግን ማንም አላሾፈበትም፣ ሁላችንም እንፈራለንና።

እንግዲህ አንድ በጋ አንዲት ጉማሬ ግልገሏን ይዛ ልክ ሰሌዳው አጠገብ ሰፈረች። ቤታችን ውስጥ «አከራይዋ» አልናት፤ ቦታው የሷ፣ እኛ ደባሎች። አባቴ ለጥቂት ቀን ከዳገቱ ጫፍ ሆኖ ዓይኑን አጨንቁሮ አነበበ። ከዚያ እዚያ መውጣቱንም ተወ። ምክንያቱም በበጋ ወንዙ በቀን አንድ ጣት ነው የሚወርደው፤ ትናንት አንድ ሜትር ከአስር ከነበረ ዛሬ አንድ ሜትር ከዘጠኝ ነው፣ ሌላ ምን ሊሆን? ወንዙን የማያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ስህተት አይሠራም፤ ፈርቶም ቢሆን ሄዶ ያያል። አባቴ ግን ያውቀው ነበር። በመዝገቡ ልባስ ላይ «ያልታየ አይጻፍ» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል፤ እሱ ላይ ክርኑን አስደግፎ ይጽፍ ነበር።

አንድ ቀን ተቆጣጣሪው ሰሌዳውን ቀለም ሊቀባ መጣ። ሰሌዳው ጭቃ ውስጥ በፊቱ ተደፍቷል፤ ጀርባው ላይ የአከራይዋ ኮቴ ታትሟል። አሸዋ የሚጭኑ ሰዎች «ከወደቀማ ዘጠኝ ቀኑ ነው» አሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ መዝገቡ ዘጠኙንም ቀን ጠዋትና ማታ፣ ባማረ ጽሕፈት፣ አንድም ሳያጎድል ይዞ ተገኘ። ተቆጣጣሪው ማስጠንቀቂያ ጻፈና ሄደ። ከማስጠንቀቂያው የከፋው ግን በየሻይ ቤቱ ያወራው ነው። አዲሱ ሰሌዳ ሲተከል የአባቴ ግምት ከእውነቱ የራቀው ሁለት ጣት ብቻ ሆኖ ተገኘ። ይህን ለሰው ሊያስረዳ ይሞክር ነበር፤ እማዬ «ተወው፣ በናትህ» ስትለው ነው ያቆመው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አልቀረም። በግራ እጁ የድስት ክዳን፣ በቀኙ ዱላ ይዞ ክዳኑን እየደበደበ ይወርዳል። አከራይዋ ጆሮዋን እያርገበገበች ትቆይና ገለል ትላለች፤ አንብቦ ላቡን እየጠረገ ይመለሳል። እማዬ ድስቶቿ ሁሉ ክዳን አጥተው «የኔ ወጥ እንኳ እርቃኑን ቀረ» ትል ነበር። ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። አንድም ቁጥር አልዋሸም። ማንም ግን ይህን አልቆጠረለትም።

ያን ቅዳሜ አስራ ስድስት ዓመቴ ነው። ክረምቱ ገብቶ ላይኛው አገር ሦስት ቀን ሙሉ ሲዘንብ ሰንብቷል፤ ተራራው ጥቁር ደመና ለብሷል። አባቴ ጠዋት አንብቦ ሲመለስ ቁርስ አልበላም። «ማታ ሦስት ሜትር ከአስር ነበር» አለ ለእማዬ። «አሁን አንድ ሜትር ከስልሳ ነው።»

«ታዲያ ጎደለ።»

«እየዘነበ ይጎድላል እንዴ?»

ተመልሶ ወረደ። ማታ ሳይሆን ገና ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ወጥታ ሳለ፣ አከራይዋ ግልገሏን አስከትላ ከወንዙ ወጣች። ጉማሬ በጠራራ ፀሐይ ሲወጣ አይቼ አላውቅም ነበር። በበቆሎው መሀል አለፈች፤ አንድም እሸት አልነካችም፤ ዞራም አላየችንም። ሰው አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሲስቅ፣ ሽቅብ ወደ ጉብታው ወጣችና እዚያ ቆመች።

ወንዙ የውሃ ሽታ ሆነ። በአራት ሰዓት ከዳር እስከ ዳር ጭቃ፣ ድንጋይና የቆሙ ኩሬዎች ብቻ ቀሩ። ዝምታው ይገርማል። እድሜ ልካችንን የወንዝ ድምፅ ስንሰማ ኖረን ጭራሽ እንደምንሰማው አናውቅም ነበር።

አባቴ ደወለ። አጠገቡ ስለነበርኩ የተቆጣጣሪውን ሳቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «ዜሮ? ጋሼ፣ ሰሌዳው ቆሟል ወይስ ዛሬም ተኝቷል?»

«ቆሟል። የተኛው ወንዙ ነው። የሆነ ቦታ ተይዟል፣ ሲለቀቅ...»

«እሺ፣ ሰኞ መጥቼ አያለሁ» ብሎ ዘጋው።

ስልኩን አስቀምጦ የድስት ክዳኑን ሊያነሳ ገባ። እኔ እማዬን ተከትዬ ወንዝ ወረድኩ። ሰፈሩ በሙሉ እዚያ ነበር፤ ዓሣ ኩሬው ውስጥ ይፈራገጣል፣ ሰው በሳፋ፣ በባልዲ፣ በአንሶላ ይዝቃል። እኔ የትራስ ልብስ ይዣለሁ። ደስታው ሊነገር አይችልም! ማንም ቆሞ የማያውቅበት ቦታ ላይ መቆም ነበር። ባለወፍጮው ከሦስት ዓመት በፊት የተሰረቀበትን ብስክሌት ጭቃ ውስጥ አገኘው፤ በሱ የተነሳ ከስንት ሰው ጋር ተኳርፏል። ልብስ ሰፊዋ፣ ዩኒፎርሜን የምትሰፋልኝ፣ ቀሚሷን ታጥቃ እንደ ልጅ ትጮሃለች። ቤቷ ከሁሉም ቤት ዝቅ ብሎ ወንዙ አፋፍ ላይ ነው።

የድስት ክዳኑ ሲንኳኳ ሰማሁ። አባቴ ነው። «ውጡ!» ይላል። «ውሃው ከላይ ተይዟል! የተያዘ ነገር ይለቀቃል! ታች ያላችሁ ዕቃችሁን አውጡ!»

ባለወፍጮው ብስክሌቱን እየጎተተ «ጋሼ ዘጠኝ ቀን፣ ዛሬ ተኝተህ ስንት አነበብክ?» አለ። ወንዙ ሙሉ ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ከመሳቅ የባሰ ነገር ነው ያደረግሁት፤ እንዳያየኝ ጎንበስ ብዬ ዓሣ የምለቅም መሰልኩ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ልብስ ሰፊዋ «እሺ፣ መቼ ነው የሚመጣው?» አለችው፣ እየሳቀች።

«አላውቅም።»

«የት ድረስ ይደርሳል?»

«አላውቅም እህቴ። የስፌት መኪናሽን አውጪ።»

«ለአንተ ወሬ ብዬ ያን ሁሉ ብረት ልሸከም? እኔ ቤት ውሃ ደርሶ አያውቅም!»

አባቴ ጭቃውን እየረገጠ ወንዙ መሀል ሄደ፤ አንድ ድንጋይ ላይ ክዳኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። «እናንተ ሳትወጡ አልወጣም» አለ። ዋና የማይችል ሰው።

እማዬ ቀና ብላ አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በዓሣ የሞላ ሳፋዋን እዚያው ደፋችና «ተነሺ» አለችኝ።

«እማዬ፣ እሱ እኮ...»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። ይሄ ሰውዬ ሲዋሽ ቁጥር ይጠራል። አላውቅም ሲል ሰምቼው አላውቅም።» ክንዴን ይዛ ስታወጣኝ ሴቶቹን አንድ በአንድ በስማቸው እየጠራች ነበር፤ እሷ ስትጠራ ደግሞ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት አይቻልም። እያጉረመረሙ ወጡ። ወንዶቹም ሚስቶቻቸውን ተከተሉ። ባለወፍጮው የመጨረሻው ነበር፤ ብስክሌቱን ተሸክሞ፣ እየተሳደበ። አባቴ የተነሣው ከሱ በኋላ ነው።

ከዚያ ምንም አልመጣም።

አፋፉ ላይ ቆመን ጠበቅን። ግማሽ ሰዓት። ዓሣዎቹ ጭቃው ላይ እየደረቁ ነው። አንድ ሰዓት። ሰዉ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተናደደ። «ምሳችንን አስጣለን» አለ አንዱ። ባለወፍጮው ተመልሶ ሊወርድ ሲል አባቴ ቁልቁለቷ አፍ ላይ ዱላውን አጋድሞ ቆመ። «ገለል በል» አለው ባለወፍጮው። አባቴ ዱላውን አላነሳም። ልብስ ሰፊዋ «ምስኪን፣ ለይቶለታል» አለች። ክፋት አልነበራትም፣ ከልቧ አዝና ነው የተናገረችው፤ ይኸው ነው ያንገበገበኝ።

እንግዲህ የማልክደው ይህ ነው፦ ጸለይኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ውሃው እንዲመጣ ለመንኩ። ይምጣ፣ ትልቅ ሆኖ ይምጣ፣ ሁሉም ይይ አልኩ። ታች ያለው ቤት ትዝም አላለኝ።

መጀመሪያ የመጣው ነፋስ ነው፤ የተገለበጠ አፈርና የተበጠሰ ሥር የሚሸት ቀዝቃዛ ነፋስ። ከዚያ መሬቱ እግሬ ስር ተንቀጠቀጠ። ከዚያ መታጠፊያው ላይ ዛፎች፣ ቆመው፣ ከነቅጠላቸው እየሄዱ መጡ። ውሃውን ያየሁት ከዛፎቹ በኋላ ነው። አባቴ የተቀመጠበት ድንጋይ፣ ኩሬዎቹ፣ ሰሌዳው፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ጠፉ። ባለወፍጮው ብስክሌቱን ለቀቀና የአባቴን ክንድ ጨብጦ ያዘ፤ ለረጅም ጊዜም አለቀቀውም።

ከላይ፣ ገደሉ ጠባብ በሆነበት ቦታ፣ አንድ ሙሉ ጎን ተንዶ ወንዙን ዘግቶት እንደነበር የሰማነው በማግስቱ ነው። ከእኛ ሰፈር የሞተ ሰው የለም። የሄደው አንድ ቤት ነው። ልብስ ሰፊዋ ከጎናችን ቆማ ግድግዳዋ ሲዘም፣ ጣሪያዋ ሲሄድ አየች። አላለቀሰችም። «መኪናዬ» አለች፣ አንድ ጊዜ ብቻ።

ሰባት ወር እኛ ሳሎን ተኛች። ማታ ማታ በእጅ መርፌ የሰው ልብስ ስትሰፋ አጠገቧ ተቀምጬ አጠናለሁ፤ መርፌው ጣቷን በወጋት ቁጥር እኔ የወጋኋት ይመስለኛል። ሰዉ አባቴን በስሙ መጥራት ጀመረ። ተቆጣጣሪው ሰኞ መጥቶ ባርኔጣውን አውልቆ አነጋገረው። ያን ሁሉ ለምኜ ያገኘሁት ነው፤ ሲሆን ግን በሙሉ ልቤ ልደሰትበት አልቻልኩም። ለማንም አልተናገርኩም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ኖርኩ።

አሁን ድልድዩ ላይ የተተከለ መሣሪያ ወንዙን ራሱ አንብቦ ራሱ ይልካል፤ አባቴም ጡረታ ወጥቷል። እኔ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ባለፈው ልጠይቀው ሄጄ በር ላይ ባለችው አግዳሚ ተቀምጠን ሳለ፣ ሃያ ዓመት የያዝኩት ነገር ከአፌ ወጣ።

«አባዬ፣ ያን ቀን አፋፉ ላይ ቆመን፣ ውሃው እንዲመጣ ፈጣሪን ስለምን ነበር።»

ዞሮ አየኝ። «ለምን?»

«ውሸታም እንዳይሉህ ነዋ።»

ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ።

«እኔ ደግሞ እንዳይመጣ ስለምን ነበር» አለ።

«ባይመጣ እኮ እስክትሞት ይስቁብህ ነበር!»

«ይሳቁዋ» አለኝ። «የሴትዮዋ መኪና ቤት ውስጥ ነበር።»