የዘሀራ መቀርቀሪያ

ዘሀራ ከሪያድ ከተመለሰች ስምንት ወሯ ነው። ስምንቱንም ወር የተኛችው ሐይቅ ከተማ ዳር ባለው የእናቷ ቤት በረንዳ ላይ ነው። አሠሪዎቿ ሁለት ዓመት ሙሉ በሩን ከውጭ እየቆለፉባት ይወጡ ስለነበር፣ የተዘጋ በር ስታይ ትንፋሿ ያጥራል። እስካሁን በጋ ነበር። አሁን ሰኔ ገብቷል፤ በረንዳው ደግሞ ዝናብ አያስጠልልም።

ለዚህ ዓይነቱ ችግር ከተማው ውስጥ ድርጅት ተከፍቷል። ታፔላ አለው፣ በራሪ ወረቀት አለው፣ ሙዘይን የሚባል አማካሪም አለው። ሙዘይን የስድስት ቀን ሥልጠና ወስዶ፣ ኮፍያና ቦርሳ ተሰጥቶት የመጣ የውጫሌ ልጅ ነው። በራሪ ወረቀቱ «የተጎጂዋን ባህል እናከብራለን» ይላል። ባህሉ ምን እንደሆነ አይናገርም፤ ቦታ አጥሮት ይሆናል፤ ግማሹን ገጽ የተጨባበጡ እጆች ሥዕል ይዞታል።

ዘሀራ ስትገባ ሙዘይን መጀመሪያ ያደረገው በሩን መዝጋት ነው።

«ምስጢርሽ እንዲጠበቅ ነው፣ እህቴ።»

ወንበሩ ሳይሞቅ ወጥታ አስፋልቱ ዳር ከባጃጆቹ መሀል ቆመች። ቅጹን ይዞ ተከተላት።

«እሺ፣ እዚሁ እንጨርሰው። ሰሞኑን እንዴት ነሽ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«እንቅልፍስ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

ሙዘይን «ተሻሽላለች» ብሎ ጻፈ። እዚህ አገር እግሩ የተሰበረ ሰውም ሲጠየቅ አስቀድሞ ጌታውን ያመሰግናል፤ ሕመሙ የሚወጣው ከሦስተኛው ጥያቄ በኋላ ነው። የሙዘይን የገዛ እናትም እንዲሁ ናቸው። ቅጹ ግን ሦስተኛ ጥያቄ የለውም።

ሐሙስ ዕለት የመዝገብ መዝጊያ ቅጹን ሊያስፈርማት ሲፈልጋት የሰፈሩ ዱዓ አድራጊ እማማ ዑምኩልሱም ቤት አገኛት። ሴቶቹ ወዳጃ ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዷ በተራ ጭንቀቷን ትናገራለች፣ እማማ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ሌሎቹ አሚን ይላሉ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ዘሀራ የበሩ ደፍ ላይ፣ ግማሽ ውስጥ ግማሽ ውጭ ተቀምጣለች።

«እዚያው ደጅ ቁጭ በል» አሉት እማማ። «ወረቀቱ አይሸሽም።»

አንዷ ስለ ታመመች ላሟ፣ ሌላዋ ጅዳ ስላለች ልጇ ተናገረች። የዘሀራ ተራ ደረሰ።

«አንድ ቀን ቤቱን ጭስ ሞላው» አለች፣ መሬት መሬቱን እያየች። «በሩ ተቆልፏል።»

«አሚን» አለች ከጥግ አንዷ በልማድ።

«አሚንሽን ያዥው፣ አልጨረሰችም» አሏት እማማ።

ዘሀራ ሳቀች። ከመጣች ወዲህ ስትስቅ ያያት አልነበረም። ከዚያ ቀጠለች፦ በሩን በጥፍሯ ስትቧጥጥ እንደዋለች፣ ማንም እንዳልሰማት፣ አሠሪዋ ተመልሳ የጠየቀችው ስለተቃጠለው መጋረጃ ብቻ እንደነበር። ማንም አላቋረጣትም፤ «አይዞሽ» ብሎ አፏን የዘጋትም የለም። ስትጨርስ እማማ ዱዓ አደረጉ፤ አሚኑ ከቤቱ ሁሉ ወጣ። ሰዉ ደክሞታል፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

ሙዘይን «ተሻሽላለች» የሚለውን ሰረዘ። «ምን ልጻፍ?» አላት።

«ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ ያስፈልጋታል በል።»

ድርጅቱ ለመቀርቀሪያ የበጀት መደብ የለውም፤ ኮፍያ ግን ተርፎታል። ሙዘይን ራሱ ከገበያ ገዝቶ የእናቷ ቤት በር ላይ መታላት። አጣሞ ነው የመታው፤ ሥልጠናው ላይ መዶሻ አልነበረም።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ዝናቡ ወረደ። ዘሀራ ፍራሿን ጎትታ ገባችና ቀረቀረች። ከፈተች። ደግማ ቀረቀረች፣ ደግማ ከፈተች። እናቷ ምስር ይለቅማሉ። ዝናቡ ሲያባራ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ፍራሹ ግን ውስጥ ነው።