ከበሩ ወዲህ

ሐይቅን አይቶ የተመለሰ ሁሉ የሚያወራው ወደ ውሃው ሰርጎ ስለገባው ጉብታ ነው። ስለ ወይራው፣ ስለ ጥንቱ ገዳም፣ ድሮ ደሴት ነበር ስለመባሉ። ከደሴ የሚመጡ ወጣቶች ስልካቸውን ደቅነው "ገነት እኮ ነው!" ይላሉ። እኔ ግን ያንን ጉብታ ጠልቼዋለሁ። ሴት አይገባበትም፤ ሥርዓት ነው፣ ከሥርዓቱ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ እዚያ ከገባው ወንድሜ ጋር ነው።

ሲመነኩስ እንደ ደንቡ በቁሙ ፍትሐት ተደረገለት። ለዓለም ሞተ ማለት ነው። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፤ ጎረቤቱም ለልቅሶ ይምጣ ለደስታ ግራ ገባው።

ከዓመታት በኋላ ዐይኗ ደከመ። ሐኪሙም ብዙ እንደማይቆይ ነገረን። ከዚያ ወዲህ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ሳይጨልምብኝ የልጄን ፊት ልየው። በባጃጅ መንገዱ እስከሚያልቅበት፣ ከዚያ በእግር፣ ክንዷን ይዤ ወሰድኳት። በሩን የሚጠብቁት አዛውንት መነኩሴ መልእክታችንን ይዘው ገቡና መሬት መሬቱን እያዩ ተመለሱ።

"ሞቷል በሏት ብሎኛል" አሉ።

"አብሽሪ ልጄ፣ ሌላ ቀን ይወጣል" አለችኝ እናቴ። አጽናኟ እኔ መሆኔ ቀርቶ! ሁለተኛም ሄድን፣ መልሱ ያው ነው። ስንመለስ ሐይቁ ምንም እንዳልተፈጠረ ሲያብለጨልጭ ሳይ ድንጋይ አንስቼ ወረወርኩበት።

"ምንድን ነው?" አለች እናቴ ደንግጣ።

"ዓሣ ነው" አልኳት።

ፍልሰታ እንደተፈታ አዛውንቱ መነኩሴ ለገበያ ወጥተው ሱቄ ድረስ መጡ። "ቅዳሜ በሩ ላይ ይጠብቃታል። አደራ፣ አምጪያት" አሉኝ።

ደሜ ፈላ። ሁለት ጊዜ እንደ ለማኝ ደጅ ያስጠናን ሰው፣ ዛሬ ደግሞ ሲያሰኘው ሊጠራን! እስኪ የእጁን ያግኝ አልኩ። ይቁም፤ የሚቀጥለው ቅዳሜ መች ጠፋ። ለእናቴም ሳልነግራት ቀረሁ። ያን ቅዳሜ ልቤ ቅቤ ጠጥቶ ዋለ።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ፀሐይ ቤቱን ሞልታው ሳለ፣ እናቴ ከአልጋዋ ላይ "እስካሁን አልነጋም እንዴ?" አለችኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወሰድኳት። ወንድሜን ዛሬም በሩ ላይ ቆሞ አገኘነው። ከስቷል፣ ጢሙ ሸብቷል። እናቴ ጉንጩን፣ ግንባሩን፣ ጢሙን በጣቶቿ ዳሰሰችው።

"እማ፣ ምነው ባለፈው ሳምንት ቀረሽ?" አላት። "እስኪመሽ ቆሜ ጠበቅኩሽ።"

እጇ ጉንጩ ላይ ቆመ። በማያየው ዐይኗ ወደ እኔ ዞረች።

"ነግረውሽ ነበር?"

"አዎ" አልኩ።

ሌላው እጇ በእኔ እጅ ውስጥ ነበር። ቀስ አድርጋ አወጣችው።