«ለሽያጭ» ብዬ የጻፍኩት ጥድ

ይህ ታሪክ መነገር ይገባዋል ወይ? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ነገሩ ሲታይ ንፋስ የጣለው አንድ ጥድ ነው፤ ሰው አልሞተበትም፣ ደም አልፈሰሰበትም። እንዲህ እያልኩ ነው እስከ ዛሬ ለማንም ሳልናገር የቆየሁት። ለአባቴ አልነገርኩም። በጾሙ ንስሐ አባቴ ፊት ቀርቤ የቀረውን ጥፋቴን ሁሉ ስዘረዝር ይህን ብቻ ዘለልኩት። ለእናንተ ለመናገር የደፈርኩት ስለማታውቁኝ ይሆን? ሊሆን ይችላል። እሱም ራሱ ፍርሃት ነው።

ሰናይት እባላለሁ፤ ደብረ ብርሃን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ ስለ ካርበን ማካካሻ እንዳስረዳ ተመደብኩ። በጥንቃቄ ተዘጋጀሁ። አንድ ሰው በአውሮፕላን ይሄዳል፤ በረራው ያወጣውን ጭስ ያሰላል፤ ጭሱን መልሶ መያዝ ስለማይችል ሌላ ቦታ ያንኑ ያህል ካርበን በዛፍ ውስጥ ተይዞ እንዲቆይ ይከፍላል፤ የምስክር ወረቀትም ይሰጠዋል አልኩ። ወረቀቱ የሚታመነው መቼ ነው? ገንዘቡ ባይመጣ ኖሮ ዛፉ በእርግጥ ይቆረጥ ከነበረ ነው። ዛፉ ነገም ከነገ ወዲያም ከቆመ፣ እዚህ የተከለከለው መጥረቢያ ወደ ጎረቤት ጫካ ካልተሻገረ፣ አንዱ ዛፍ ለሁለት ሰው ካልተሸጠ፣ ይህንንም ሁሉ ከሽያጩ የማይጠቀም ሰው መጥቶ ካረጋገጠ ነው። መምህሩ ሳይቀር አጨበጨበልኝ። እኔ ግን ወደ ወንበሬ ስመለስ ጭብጨባውን መስማት አልፈለግሁም። ምክንያቱም ከእነዚህ የመጀመሪያውን፣ ሌላው ሁሉ የተሠራበትን፣ በጣቴ ያፈረስኩት እኔ ነኝ።

የተወለድኩት ከጎረቤላ በታች፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ባለ መንደር ነው። ከመንደሩ በላይ ጥድና ወይራ የሞላበት ጫካ አለን። ሰዉ ተማምሎ ነው የሚጠብቀው፤ እርጥብ እንጨት የቆረጠ ከዕድር ይወጣል። የመሐላው ዳኛ ጋሼ ተክሉ ነበሩ። የአባቴ ጎረቤት ናቸው። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ሰዉ መርጧቸው በየዓመቱ «ይቀጥሉ» ይባሉ ነበር። ደመወዝ የላቸውም። የነበራቸው ሀብት ቃላቸው መታመኑ ብቻ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የወሰድኩባቸው እሱን ነው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ጨርሼ ውጤት ስጠብቅ፣ ለውጭ አገር መንገደኞች ማካካሻ የሚሸጥ አንድ ፕሮጀክት ወደ ቀበሌያችን መጣ። ታብሌት ሰጥተው በየቤቱ እየዞርኩ መጠይቅ እንድሞላ ቀጠሩኝ። አባቴ ደስታውን አልቻለውም። እኔም ደስ ማሰኘት እወዳለሁ። ይህ በጎ ጠባይ ይመስለኝ ነበር።

በየቤቱ ዞርኩ። «ከጫካው እርጥብ እንጨት ትቆርጣላችሁ?» ስል ሁሉም ሳቁብኝ። አንዷ እናት፣ «ምነው ልጄ፣ ከዕድር ልታስወጪኝ ነው እንዴ? ማን ሊቀብረኝ!» አሉኝ። ይህንኑ ጻፍኩ፤ አይቆረጥም፣ አይቆረጥም፣ አይቆረጥም። አስተባባሪያችን አቶ ዳዊት ከደብረ ብርሃን መጥቶ አነበበውና ፊቱ ጠቆረ።

«ሰኒ፣ ሥራሽ ንጹሕ ነው» አለኝ። «ግን ማንም የማይቆርጠውን ጫካ አዳንኩት ብዬ ልሸጥ አልችልም። በዚህ ከሄድን እዚህ ቀበሌ ላይ እንዘጋለን። እስቲ ትንሽ ጠለቅ ብለሽ ጠይቂ።»

ዋሺ አላለኝም። በእሱ ላይ ላላክክ ስንት ጊዜ ሞክሬያለሁ! ግን አላለኝም። እኔ ነኝ የጠቆረው ፊቱ እንዲፈታ የፈለግሁት።

በማግሥቱ ጋሼ ተክሉ ቤት ሄድኩ። ጥያቄውን ጠየቅኳቸው። «አንድ ጥድ ወጥቷል» አሉኝ። ታች አልዩ አምባ መንገድ ላይ ሰይድ የሚባል በርበሬ ነጋዴ አለ። ክረምት ላይ ናዳ ቤቱን ጠራርጎበት፣ ልጆቹን ይዞ ዝናብ ላይ ቀረ። ጋሼ ተክሉ ሰዉን መሰብሰብ ነበረባቸው፤ ግን ዝናቡ መሰብሰቢያ አልሰጠም። ንፋስ የጣለውን አንድ ጥድ ለምሰሶ እንዲወስድ በራሳቸው ፈቀዱለት።

«ሰዉ ሲሰበሰብ እናገራለሁ፤ እስካሁን የሰማሽው አንቺ ብቻ ነሽ» አሉ። «አንቺ ግን ጠየቅሽኝ። ቅጽ ነው አልሽኝ። ለቅጽ አይዋሽም፤ ጻፊው ልጄ።»

እሳቸው ነበሩ በዚያች ሰዓት የተናዘዙት። ሰሚዋስ ምን አደረገች? ታብሌቱ «ዛፍ ወጥቷል ወይ?» ይላል፤ አዎ አልኩ። «ለምን?» ይላል። ምርጫዎቹ ሦስት ነበሩ፤ ለቤት ፍጆታ፣ ለሽያጭ፣ ሌላ ከሆነ ይብራራ። ሌላውን ነክቼ «ንፋስ የጣለው፣ ቤት ለፈረሰበት ሰው የተሰጠ» ብዬ ለመጻፍ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅብኝ ነበር? ከእሳቸው ደጃፍ ወጥቼ፣ አጥሩን ተደግፌ፣ «ለሽያጭ» የሚለውን ነካሁት። እጄን ማንም አልያዘውም። ሰይድ ነጋዴ ነው፤ ነጋዴ ደግሞ ይገዛል፤ እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ያ አንድ ቅጽ የቀሩትን ሁሉ አሸነፈ። ዳኛው ራሱ የሚሸጥ ከሆነ ጫካው ጠባቂ የለውም ማለት ነዋ። አቶ ዳዊት «ጎበዝ!» አለኝ። ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ በዚያ ቀን ደስ ነው ያለኝ።

ስም ከቢሮ አይወጣም ተብሎ ነበር። ኅዳር ላይ ግን ፕሮጀክቱ በደመወዝ ጠባቂ ሊቀጥር ሰዉን ሰበሰበ። ከጠባቂነትና ከኮሚቴ የሚታገዱ ሰዎች ተብሎ ሲነበብ የጋሼ ተክሉ ስም ተጠራ። ምክንያት፦ ዛፍ መሸጥ። ከዚያ አንድ ጎልማሳ ከኋላ፣ «እኛን ለአንዲት ማገር ያስምሉናል፣ እሳቸው ግንዱን ይቸበችቡታል!» አለ። ሰው ሳቀ።

ጋሼ ተክሉ ተነሡ። ለሰይድ የሰጡትን ተናገሩ። «ሳልሰበስባችሁ መስጠቴ ጥፋት ነው፤ ቅጡኝ። አልሸጥኩም ግን።»

«ለነጋዴ ደግሞ ግንድ በነፃ ይሰጣል?» አለ ያው ሰው። ሰይድ ይጠየቅ ያለም ነበር። «ገዢ ምን ሊል ኖሯል!» ብለው አፉን ዘጉት።

ያን ጊዜ ጋሼ ተክሉ ወደ እኔ ዞሩ። ከአባቴ አጠገብ ታብሌቱን ታቅፌ ተቀምጫለሁ። «ልጄ፣ የነገርኩት ለአንቺ ነው። ምን እንዳልኩሽ ተናገሪላቸው።»

ሰው ሁሉ ዞረ። አቶ ዳዊትም አየኝ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የምትፈለገው፦ ተሳስቼ ነው የጻፍኩት። ይህን ያህል ቀላል ነበር። እኔ ግን ታብሌቱን ከፈትኩና፣ «ቅጹ ላይ ያለው ለሽያጭ የሚል ነው» አልኩ።

አያችሁ እንዴት እንደተናገርኩት? እሳቸው እንዲህ ብለዋል አላልኩም። ቅጹ አልኩ። ቅጹን የሞላው ሌላ ሰው ይመስል! ጋሼ ተክሉ ጥቂት ተመለከቱኝ፤ አልተቆጡም፣ አልረገሙኝም። ጋቢያቸውን ሰብስበው ከጉባኤው ወጡ። አባቴ ከዚያ ቀን በኋላ ሰላምታቸውን አልመለሰም፤ ልጄን በሐሰት ሊያስመሰክሩ ፈለጉ ብሎ።

ከዚያ የሆነውን ስሙኝ። መሐላው ከዳኛው ጋር ፈረሰ። ጠባቂው አንድ ሰው ነው፤ ጫካው ሰፊ ነው። «እሳቸው ከሸጡ እኛ ምን ቀረን? ደግሞስ አሁን የፈረንጅ ጫካ አይደለም?» እያለ ሰዉ መጥረቢያ አነሣ። ለገና ቤተሰብ ልጠይቅ ስሄድ ትኩስ ጉቶ ቆጠርኩ፤ ከአሥር በላይ ሲሆን ተውኩት። የዋሸሁት ነገር እውነት ሆኖ ጠበቀኝ።

የካቲት ላይ ከሌላ ድርጅት የተላኩ አረጋጋጮች ጉቶዎቹን አዩ፤ ጫካው ይቆረጣል ካሰኘው ቅጼ ጋርም ገጠመላቸው። አንዷ ወደ ዶርም ደወለችልኝ። ድምጿ ትሕትና ነበረው።

«መጠይቁን የሞላሽው አንቺ ነሽ? ሰውየው ለሽያጭ ነው ብለው በራሳቸው አንደበት ነግረውሻል?»

ከሽያጩ የማይጠቀም ሰው፣ ለማጣራት ብቻ የመጣ ሰው፣ እውነቱን ከእኔ ጠየቀ። ሁለተኛ ዕድል ነበር። «አዎ፣ ነግረውኛል» አልኩ። በጉባኤው በቅጽ ተከልዬ ነበር፤ በስልክ ግን በገዛ አፌ ዋሸሁ።

አሁን የሆነ አገር ያለ አንድ ሰው የምስክር ወረቀቱን ይዞ ጭሴን ከፍያለሁ ብሎ ይተኛል። የእሱ ጭስ እውነት ነው። የጫካችን ዛፍ ግን ያን «ለሽያጭ» ባልነካው የሚቆም ነበር፤ የወደቀው ስለነካሁት ነው።

ልጅ ነበርኩ አልልም። ታዝዤ ነው አልልም። ይቅርታ ልጠይቅ ብል እንኳ ይቅር የማለት መብቱ የእናንተ አይደለም። ይህን ጽሑፍ ለአባቴ እሰጠዋለሁ፤ በዕድሩ ፊት እንዲያነበው፣ ለአረጋጋጮቹም እንዲደርስ። ጋሼ ተክሉ ዛፍ አልሸጡም። «ለሽያጭ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንብቤ ያጸናሁትም እኔ ነኝ። በስልክ የደገምኩትም እኔ ነኝ።

እሳቸው ግን ይህን ለመስማት መንደሩ ውስጥ የሉም። በጎቻቸውን ለጎረቤት ትተው፣ በራቸውን ዘግተው፣ አረርቲ ወዳለችው ልጃቸው ሄደዋል። የሸኛቸው ሰው አልነበረም። የሄዱት ዘንድሮ መጋቢት አምስት ቀን ነው።