አንድ ሰው ጎደለ

ባለፈው እሑድ ሳናስቀድስ ቀረን። የምኖርባት የኖርዌይ ከተማ ትንሽ ናት፤ እኛም ጥቂት ነን። በተከራየነው አዳራሽ በወር ሁለቴ ብቻ ነው ቅዳሴ ያለን። ሦስተኛው ዲያቆናችን ከሌላ ከተማ በባቡር ይመጣል፤ የዚያን ቀን በረዶ ሐዲዱን ዘግቶት ባቡሩ መንገድ ላይ ቆመ። ለቅዳሴ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ያስፈልጋል፤ አራት ሆኖ መግባት የለም። የሰበካችን ቄስ ከመጋረጃው ወጡና፣ «ልጆቼ፣ አንድ ሰው ጎደለብን። እንግዲህ ውዳሴ ማርያም ደግመን እንለያይ» አሉ።

እኔ የዲያቆኑን ድርሻ ከነዜማው አውቀዋለሁ። የቄስ ልጅ ነኝ፤ ሲቀደስ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ግን ሴት ነኝና አምስተኛ ሆኜ መግባት አልችልም። ማጉረምረሜ አይደለም፣ ሥርዓት ነው። ብቻ «አንድ ሰው ጎደለ» ሲባል ስሰማ ዛሬም ደብረ ብርሃን ትመጣብኛለች። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ባለሁበት ቁጭ አልኩ።

ያኔ ደብረ ብርሃን ተማሪ ነበርኩ። ታናሽ ወንድሜ ምንተስኖትም እዚያው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ አንዲት ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። አባታችን ከአንኮበር ዝቅ ብላ ገደል አፋፍ ላይ በምትገኝ ትንሽ ደብር ያገለግላሉ። ምንቴ ዲያቆን ነው፤ ድምፁ ደግሞ፣ እህቱ ስለሆንኩ አይደለም፣ ሰው ያስለቅስ ነበር።

የዚያን ዓመት ጥቅምት እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችን አክስታችን እታገኝ አልጋ ያዘች። ንስሐዋን ጨርሳ፣ ቀኖናዋን ፈጽማ፣ የቀራት መቁረብ ብቻ ነበር። ቁርባን ደግሞ ተቀምጦ የሚቆይ ነገር አይደለም፤ ቅዳሴ ከሌለ የለም። የደብሩ ሦስተኛ ዲያቆን አግብቶ አረርቲ ገብቷል። የአካባቢው ደብሮችም ለራሳቸው አይበቁም። አባባ ስልክ ደውለው፣ «እሑድ በቃሬዛም ቢሆን አምጥተን እናቆርባታለን። ምንቴ ቅዳሜ ማታ ይድረስ። አንድ ሰው ነው የጎደለን፤ እሱ ነው» አሉኝ።

ምንቴ ግን በዚያ ሰሞን ሌላ ቦታ ነበር ልቡ። ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ፖከር የሚሉትን የካርታ ጨዋታ ይጫወታል። እንደነገረኝ ከሆነ ዘጠኝ ሰው ከየአገሩ አንድ ጠረጴዛ ይከባል። ለሁሉም እኩል መጫወቻ ይታደላል፤ ያለቀበት ይወጣል፣ መጨረሻ የቀረው ያሸንፋል። እውነተኛ ገንዘብ አልነበረበትም። «ታዲያ ምን ታገኝበታለህ?» ብለው፣ «ጽጌ፣ እዚያ የቄሱ ልጅ የሚለኝ የለም» አለኝ። ሰው ሁሉ ገና ከሩቅ አባቱን አይቶበት ሰላም ይለዋል፤ ለካ ከብዶት ኖሯል።

ቅዳሜ ከሰዓት ፈተናዬን ጨርሼ መናኸሪያ ሄድኩ፤ ተሳፍሮ እንደሆነ ላይ ብዬ ነው። የደብረ ብርሃን ንፋስ፣ መቼም የቀመሰው ያውቀዋል፣ ጥቅምት ላይ ጆሮ ይቆርጣል። ለእታገኝ የገዛሁትን ለስላሳ ዳቦ ጋቢዬ ውስጥ ይዣለሁ። የመጨረሻው የአንኮበር ሚኒባስ ሞተሩን አስነስቶ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጮሃል፤ «አንኮበር! አንድ ሰው! አንድ ሰው የጎደለ!» ምንቴ የለም።

«ወንድሜን ላምጣ፣ እባክህ ቦታውን ያዝልኝ» አልኩት።

«እህቴ፣ ሚዜ መሰልኩሽ እንዴ ቆሜ የምጠብቀው? ሩጪ በይ!»

ሮጥኩ። ኢንተርኔት ቤቱ በር ላይ ባለቤቱ ጋሽ ደምሴ ሻይ ይዘው ይስቃሉ። «ይሄ ወንድምሽ ጉድ ነው። ሻይ ልጋብዝህ ስለው የነገ ቀዳሽ ነኝ፣ ጾም ላይ ነኝ ይለኛል። ቀዳሽ ሆኖ ካርታ!»

«ጋሼ፣ ገንዘብ የለበትም እኮ!» አለ ምንቴ ዞር ሳይል። ከንፈሩ ደርቋል። ጾሙን በትክክል ይጾም ነበር፤ ይህን ለማንም እምልለታለሁ። መሄዱንም አልተወም፤ ቦርሳው ተዘጋጅቶ እግሩ ሥር ተቀምጧል።

«ምንቴ ተነስ! ሚኒባሱ አንድ ሰው ብቻ ነው የጎደለው» አልኩት።

«እዚህም አንድ ሰው ነው የጎደለው።» ስክሪኑን በጣቱ አሳየኝ። ስምንት ሰው ጠረጴዛውን ከቧል፤ አንድ ወንበር ባዶ ነው። «ካልሞላ አይጀመርም።»

«ካልተጀመረማ ውጣና ሂድ!»

«እኔ ከወጣሁ ሁለት ይጎድላል።»

ይህን ያለው ከልቡ ነው። በቅዳሴ ሥርዓት ያደገ ልጅ ነዋ! ጎደሎ ጥሎ መውጣት ነውር ነው ብሎ፣ አይቷቸው ለማያውቅ ሰባት ሰዎች ይጨነቃል። በዚህ መሀል ዘጠነኛው ሰው ገባና ጨዋታው ተጀመረ። እጁን ይዤ ጎተትኩት።

«እሺ እኔ ልቀመጥልህ» አልኩት፣ ሌላ መላ ሳጣ።

«አንቺ? ምን ታውቂና?»

«ወንበሩ ባዶ እንዳይሆን ነው አይደል የፈለግከው? እሞላዋለሁ። ሂድልኝ።»

ከዚያ ካርታ የሚጣልበትን ቁልፍ አሳየኝ። «ተራሽ ሲደርስ ይህንን ብቻ ተጫኚ» ብሎ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ። አማተብኩና ተቀመጥኩ። ካርታ በመጣ ቁጥር እጥላለሁ። ጨዋታው እንዲሁም ይበላኛል፤ ተራ በደረሰ ቁጥር ሳልጫወትም ትንሽ ትንሽ ይቀነስብኛል። ሌሎቹ ግን እርስ በርሳቸው ይፋጃሉ። አንዱ ወጣ፣ ሌላው ወጣ። ምንም ሳላደርግ ሦስት ቀረን። ጋሽ ደምሴ ከኋላዬ ቆመው፣ «የቄስ ልጅ፣ ጸሎት እያደረስሽ ነው እንዴ?» ይላሉ።

ያን ጊዜ ምንቴ ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ። ሚኒባሱ አምልጦታል። አንድ ሰውዬ በግ ይዞ መጥቶ፣ ረዳቱ ሰውዬውን ያዝልኝ ባልኩት ወንበር፣ በጉን ከላይ ጭኖ ሄዷል። ሁለታችንም ስክሪኑን ስናይ መብራት ጠፋ። ጥቁሩ መስታወት ላይ የራሳችን ፊት ቀረ።

ንፋሱ እየገረፈን ከከተማው መውጫ ላይ ቆመን ለጭነት መኪና ሁሉ እጅ አወጣን። አንኮበር የሚሄድ አልተገኘም። አባባ ሲደውሉ፣ «መኪና አመለጠው» አልኩ። «ይሁን» አሉና ዘጉት።

እሑድ ማለዳ አብሬው ሄድኩ፤ ብቻውን ልልከው አልቻልኩም። ሚኒባሱ አሁንም እስኪሞላ ቆመ። በእሑድ ማለዳ ማን ይሄዳል? ገብሱ ላይ ያደረው ውርጭ በፀሐይ ቀልጦ እስኪያልቅ ተቀምጠን አየነው። አንኮበር ወርደን ቁልቁለቱን ስንጀምር ከታች ከቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ይወጣሉ። ቃሬዛ ተሸክመዋል። አባባ ከፊት ናቸው፤ እኛን አይተው መስቀላቸውን አሳለሙን።

እታገኝ በበርኖስ ተጠቅልላ ፊቷ ብቻ ይታያል። ምናልባት ብንደርስ ብለው አምጥተዋት፣ ሳትቆርብ እየመለሷት ነው። ሰዎቹን አስቆመቻቸው።

«ምንቴ፣ መጣህልኝ? ከንፈርህ ምነው እንዲህ ደረቀ? አልበላህም እንዴ?»

«አልበላሁም፣ እታገኝ።» ከቅዳሜ ጀምሮ እህል ውሃ አልቀመሰም ነበር። እስከዚያ ሰዓት እደርሳለሁ ብሎ ነው።

ሳቀች። «እኔና አንተማ ተዘጋጅተን ነበር፤ ቀኑ ነው ያልተዘጋጀው። ጽጌ፣ ያ ዳቦ ለእኔ ነው? ለወንድምሽ ቁረሺለት።»

እዚያው ቁልቁለቱ ላይ፣ ቃሬዛው ቆሞ እየጠበቀ፣ ቆረስኩለት። እንባውን እያፈሰሰ በላ፤ እሷ ቃሬዛው ላይ ሆና እያየችው። የሚቀጥለው እሑድ ሳይደርስ ረቡዕ አረፈች። ለፍትሐቱ ግን ካህናት ከየደብሩ መጥተው ግቢው ሞላ። ምንቴ ከዚያ ወዲህ ቤተ መቅደስ አልገባም። አባባም አልጠየቁትም።

ባለፈው እሑድ ከአዳራሹ ስመለስ ለምንቴ ደወልኩለት። አሁን ሚኒባስ አለው፤ የሚሠራውም በዚያው በአንኮበር መንገድ ነው። መናኸሪያው ውስጥ ያወጡለት ስም «ሳይሞላ» ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ባዶ ወንበር ይዞ ይነሳል። ሾፌሮቹ ያፌዙበታል፣ ሚስቱ ትቆጣዋለች፣ እሱ አይሰማም። ሰው በጎደለ ጊዜ የሚደረግ ነገር የለም፤ ይህን እኔም አባባም ከእሱ እኩል እናውቃለን። እኛ ግን አውቀን ተቀመጥን፤ እሱ ያችን ባዶ ወንበር ይዟት ይመላለሳል።

«ዛሬ እኛ ጋ ቅዳሴ ቀረ» አልኩት።

«ስንት ጎድሎ?»

«አንድ ሰው።»

ከስልኩ ማዶ ረዳቱ ሲጮህ ይሰማኛል፤ «አንኮበር! አንድ ሰው! አንድ ሰው የጎደለ!»

«ተወው» አለው ወንድሜ። «በሩን ዝጋ፤ እንሂድ።»