የሐጂ አብዱልሰላም ደጅ

ደሴ ፒያሳ ላይ የሐጂ አብዱልሰላምን ቤት የማያውቅ አልነበረም። ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ በስልሳ ስድስቱ ረሀብ የበሩን መቀርቀሪያ አስነቅለው "የመጣ ይግባ!" ያሉ ሰው ናቸው። ከዚያ ወዲያ ያ ደጅ ቀንም ሌትም ተዘግቶ አያውቅም ነበር። ደርግ መጣና ቤቱን "ትርፍ ነው" ብሎ ወረሰው። ጉድ እኮ ነው! ሰው የሞላበት ቤት ምኑ ነው ትርፉ? ሐጂ ዓመት ሳይሞላቸው ሞቱ። ቤቱ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሆነ፤ በሩም ቁልፍ ተበጀለት።

ለሚስታቸው ለዐሊማና ለሁለት ልጆቿ ጓሮ ያለችው ማድ ቤት ተተወችላቸው። ታላቁን በሺርን ከኮምቦልቻ ገበያ አፍሰው ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬው ጠፋ። ታናሹ ጀላል ዕድሜው ሲደርስ "አንዱን በልተውብኛል፤ ይሄንንስ ወላሂ አልሰጥም!" ብላ ከጎታው ጀርባ ሸሸገችው፤ እዚያው ከቀበሌው አፍንጫ ሥር።

የቀበሌውን አዲስ ዘበኛ እንየውን ለብቻው ጠርታ ለመነችው።

"የኔ ልጅ፣ ወታደር መጥቶ እኛን ከጠየቀህ ሐርቡ ዘመድ ቤት ገብተዋል በለው። አደራህን!"

"አብሽሩ እትዬ" አላት።

አንድ እሑድ፣ ቀበሌው ተዘግቶ ሳለ፣ በሩ ተንኳኳ። ዐሊማ በማድ ቤቱ ቀዳዳ ብታይ ከግቢው በር ሥር የወታደር ከስክስ ጫማ ታያት። ጀላል ጉንፋን ይዞት ነበር፤ ሳሉ ሲመጣበት አፉን በነጠላዋ አፈነችው። ጫማው ቆሞ ቆሞ ሄደ። "አልሐምዱሊላህ!" አለች፣ ምስኪን።

እንየው እየሳቀ መጣ።

"እንዳሉኝ ሸኘሁት እትዬ! አንድ የከሳ ወታደር ነው። ወደ ሰሜን የሚያልፈው ጦር ፒያሳ ላይ ትንሽ ቆሟል አለኝ። ልጃቸው ነኝ ሲለኝ እንኳ አልተሸወድኩም! ሐርቡ ናቸው ስለው በሩን ዳበሰና 'ይሄ ደጅ እኮ አይዘጋም ነበር' ብሎኝ ሄደ።"

ዐሊማ ነጠላዋን ጥላ፣ በባዶ እግሯ ሮጠች። ፒያሳ ስትደርስ የናፍጣው ጭስ ገና አልጠፋም፤ መኪኖቹ ግን የሉም። አስፋልቱ መሐል ተቀምጣ "በሺሬ! በሺሬ!" እያለች ጮኸች። ሰዎች ደግፈው መለሷት።

በሺር ከዚያ በኋላ አልመጣም፤ መርዶውም አልመጣ። ዐሊማ እሑድ እሑድ ከተዘጋው በር ውጭ፣ ደፉ ላይ ትቀመጥ ነበር። ጎረቤቷ ሁስኒያ አንድ ቀን አጠገቧ ቁጭ ብላ "አብሽሪ፣ አላህ ያመጣዋል" አለቻት።

"አምጥቶልኝ ነበር እኮ" አለች ዐሊማ።