በሰዓት ዘጠኝ ማይል

ሥራዬ ሊፍት መመርመር ነው። ግድግዳው ላይ «አሥራ ስድስት ሰው ይችላል» ተብሎ ቢጻፍም፣ ክብደት አስጭኜ በዓይኔ እስካላየሁ ድረስ አላምንም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ዘመዶቼ በዚህ አመሌ ይስቁብኛል። እራት ስጋበዝ እንኳ ወንበሩን ነቅነቅ አድርጌ ነው የምቀመጠው።

ታላቅ ወንድሜ ካታማራን ሊገዛ ሲነሳ እኔን ይዞ እዚሁ ቅርባችን፣ ወንዝ ዳር ወዳለችው አሌክሳንድሪያ የወረደውም ለዚሁ ነው። ካታማራን ሁለት ቀጫጭን ጀልባዎች ጎን ለጎን ተያይዘው በላያቸው ቤት የተሠራባቸው የሚመስል ባለ ሸራ ጀልባ ነው። ወንድሜ ሃያ ዓመት ታክሲ ነድቶ መሮታል። የመርከብ ኮርስ ወስዷል፤ ትምህርት ሲዘጋ ሚስቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን ይዞ ባሕር ላይ ሊከርም ቆርጧል።

ሻጩ ለትዳሩ ሽማግሌ ሆነው የሄዱለት ሰው ናቸው። የልጅቷ አባት ያኔ እሺ ያሉት የእሳቸውን ቃል አምነው ነው። «በሰዓት ዘጠኝ ማይል ይሄዳል፤ ቢጫንም ያው ነው» አሉን።

ልንሞክረው ወንዙን ቁልቁል ስንወርድ የስልኬ ፍጥነት መለኪያ እውነትም ዘጠኝ አሳየ። ግን ጀልባው ባዶ ነው፤ ንፋሱም ውሃውም ከኋላ ይገፋናል።

«ጋሼ፣ ስንመለስም እንለካው። ክብደት እንዲኖረው የውሃ ታንኩም ይሞላ» አልኩ።

ፊታቸው ጠቆረ። «ልጄ፣ እኔን ነው የምትፈትነኝ?»

ወንድሜ በክርኑ ጎሸም አደረገኝና አብራን ከመጣችው ሚስቱ ጋር የልጆቹን መኝታ ሊያይ ወደ ውስጥ ገባ። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

አመሌ ግን አልለቀቀኝም። ስንመለስ ስልኬን ከጃኬቴ ስር ሰረቅ አድርጌ አየሁት። አራት ይላል። ቆየት ብዬ ደግሜ አየሁ፤ አራት። ሽማግሌው መሪውን እንደያዙ ስለ ወንድሜ ሠርግ ያጫውቱኛል። የሚዋሹ አልመሰለኝም፤ ሲገዙ የተነገራቸውን ነው የሚደግሙት።

ስንደርስ ወንድሜ «እህ፣ ኢንስፔክተር?» አለኝ። ሽማግሌው አጠገቡ ቆመዋል።

«ልክ ናቸው» አልኩ።

ነገ ለብቻው እነግረዋለሁ እያልኩ ቀናት ሄዱ። ከተፈራረሙ በኋላ ደግሞ ደስታውን ማበላሸት ሆነብኝ። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

በሁለተኛው ሳምንት ወንድሜና ቤተሰቡ ምግቡን፣ ውሃውን፣ የልጆቹን ብስክሌት ሳይቀር ጭነው ወጡ። በሦስተኛው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ወንድሜ ደወለልኝ። ንፋሱ ስልኩ ውስጥ ያፏጫል።

«ዌዘሩ ሳይበላሽ በአሥር ሰዓት ወደብ እንገባለን ብዬ ፕላን አድርጌ ነበር። ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነን፤ ሰማዩ ደግሞ ጠቁሯል። ስፒዱ አልመጣልኝም፤ ሸራውን አላወቅኩበትም መሰለኝ። ምን እያጠፋሁ ነው?»

ራሱን ነበር የሚወቅሰው።

«አንተ አይደለህም። ጀልባው ነው፤ ከዚያ በላይ አይሄድም። በቅርብህ ያለው ወደብ ግባ» አልኩት።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«የዚያኑ ዕለት።»

ከዚያ ለልጆቹ ላይፍ ጃኬት አልብሺያቸው ብሎ ሚስቱን ሲጣራ ሰማሁት።